በአረፋ ላት የተቀባው ጠመንጃ

የቀድሞ አከራዬ ልጅ ቢሮዬ ድረስ መጥታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ወንበር ብስብላትም አልተቀመጠችም።

«ወላል፣ ያን ቀን አባቴ ጠመንጃውን አጉርሶት ነበር?»

ወላል በሶማሊኛ ወንድም ማለት ነው፤ ግቢያቸውን ከለቀቅሁ በኋላም የምትጠራኝ እንዲሁ ነው። «ያን ቀን» ስትል የትኛውን ማለቷ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጅግጅጋ ውስጥ በእኛ ዕድሜ ላለ ሰው ያ ቀን አንድ ነው፤ በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ከተማዋ የታመሰችበት ቀን። 

ነገሩን ቆማ አስረዳችኝ። አባቷ ደክመዋል። መታጠቢያ ቤት ወድቀው ዳሌያቸው ከተጎዳ ወዲህ ደጋፊ ካላገኙ አይነሡም። ሐርተሼክ ከተማ ወዳለው ቤቷ ልትወስዳቸው ትፈልጋለች፤ እሳቸው ግን ያለ ጠመንጃዬ ከዚህ ግቢ አልወጣም ብለዋል። በእሷ ቤት ደግሞ ልጆች ይርመሰመሱበታል። ጠመንጃው ተቀርቅሮ አልከፈት ካለ ዓመታት አልፈዋል፤ ሆዱ ውስጥ ጥይት ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም። የውሃ ቦቴ የሚነዳው ባሏ በእሳት አሙቄ እከፍተዋለሁ ብሎ ተነሥቷል።

«ባዶ ከሆነ ያሙቀው» አለችኝ። «ካልሆነ ግን ፊቱ ላይ ነው የሚፈነዳው። ያን ቀን እዚያ የነበራችሁት አንተና ሚስትህ ናችሁ። አባቴን ስጠይቀው አንዴ ባዶ ነው፣ አንዴ ለጅብ ያስቀመጥኩት አለ ይለኛል።»

«እስኪ ላስብበት።»

«ምኑን ታስበዋለህ? አይተሃል ወይስ አላየህም?»

ያስቸገረኝ ይኸው ነው። ያን ቀን ብዙ ጊዜ ተርኬዋለሁ፤ በመምህራን ክበብ፣ በአማቾቼ ቤት፣ በረጅም የአውቶቡስ ጉዞ ላይ አጠገቤ ለተቀመጠ መንገደኛ ጭምር። በትረካዬ ውስጥ ሽማግሌው አባቷ የጠመንጃውን እጀታ ወደ ታች ገፍተው «ቀጭ፣ ቋ» ያደርጉታል፤ አድማጩም ሁልጊዜ እዚያ ላይ ትንፋሹን ይይዛል። ልጅ ሳለሁ በቪዲዮ ቤት ያየኋቸው የካውቦይ ፊልሞች ውስጥ ያለው ድምፅ ልክ ይኸው መሆኑን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ድምፁን ከግቢው ሰምቼው ይሆን ወይስ ከፊልሙ አምጥቼ ግቢው ውስጥ አስቀምጬው? ለጨዋታ ሲሆን ልዩነቱ ማንንም አይጎዳም። አሁን ግን አንድ ሰው በእኔ ቃል ተማምኖ እሳት ሊለኩስ ነው።

ጠመንጃው በአገራችን ከሚታወቁት ከምንሽርም ከውጅግራም ወገን አይደለም። ለአደን የተሠራ፣ አጠር ያለ፣ ከቃታው ሥር ጣት የሚገባበት የብረት እጀታ ያለው ነው። እጀታው ወደ ታች ተገፍቶ ወደ ላይ ሲመለስ የተተኮሰውን ቀለህ ተፍቶ አዲሱን ይጎርሳል። ጥይቶቹ የሚደረደሩት ከአፈሙዙ ሥር በተጋደመ ቱቦ ውስጥ በመሆኑ በውጭ አይቶ መገመት አይቻልም። የሰደፉ እንጨት ተሰንጥቆ በእርጥቡ በተሰፋ የፍየል ቆዳ ተጠፍሯል፤ ቆዳው ደርቆ እንደ ብረት ጠንክሯል። በጎኑ ላይ አንዲት ድኩላ ተቀርጻ ነበር፤ ከብዙ እጅ የተነሣ ቀንዷ ብቻ ቀርቷል። ለሽማግሌው አባት ለአደን የመጣ ፈረንጅ መንገድ ስለመሩት የሰጣቸው ነው ሲባል ሰምቻለሁ። በግመል የተለወጠ ነው ሲባልም ሰምቻለሁ። ሁለቱንም ከሽማግሌው አፍ የሰማሁ ይመስለኛል፤ ግን አልምልም።

የሚያስደንቀው የብረቱ ውበት ነበር። ያን ያህል ዕድሜ ኖሮት አንዲት የዝገት ነጠብጣብ አልነበረበትም። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ እጄ አለበትና።

የዚያን ግቢ ሰርቪስ በተከራየሁበት ዓመት አረፋ ሲደርስ ሽማግሌው አስጠሩኝ። በጉ ታርዶ ተገፍፏል። እኔ እሳቸው ያረዱትን አልበላም፤ እሳቸውም እኔ ያረድኩትን አይበሉም፤ ይህን ሁለታችንም ስለምናውቅ በበዓል ቀን እንደ መተፋፈር ያደርገን ነበር። እሳቸው ግን መላ አበጁለት። ከበጉ ላት ላይ በቢላዋ ገመስ አድርገው ለብ ያለውን ስብ መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

«አዴር፣ ሥጋውን እንደማትበላ አውቃለሁ። ከበዓሉ ግን አትወጣም። ና፣ አብረን ይህን ሽማግሌ እንመግበው» አሉና ጠመንጃውን ከጨርቁ ፈቱት።

አዴር አጎት ማለት ነው፤ እኔ እሳቸውን አዴር እላለሁ፣ እሳቸውም መልሰው እኔን አዴር ይሉኛል፤ የአገሩ ወግ ነው። በየዓመቱ እንዲህ ጎን ለጎን ተቀምጠን ብረቱን በላት እናሽ ነበር። የጠመንጃ ዘይት ገበያ ሞልቷል ስላቸው «የሱቅ ዘይት ውሃ ነው፤ ይህ የቤተሰቡ አካል ስለሆነ ድርሻውን ይብላ» ይላሉ። በእጀታው ስንጥቅ በኩል ወደ ውስጥ እንዲገባ በጣቴ እጎሰጉስ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ የእሳቸው ጣት ወፍራም ስለሆነ አይገባም። ላቱ ውጩን ከዝገት ጠበቀው። ውስጥ የገባው ግን የጅግጅጋ ነፋስ ከሚያመጣው አቧራ ጋር ተቦክቶ ዓመት በዓመት ላይ እንደ ሙጫ ሲደርቅ ማናችንም ልብ አላልንም።

ያን ቀን ጠዋት ሱቆች አልተከፈቱም። በገበያው በኩል ጭስ ይታያል፤ ስልክ አይሠራም። ባለቤቴ ልብስ በሻንጣ ታስገባለች፣ መልሳ ታወጣለች። ሽማግሌው የሰርቪሱን በር በእርግጫ ነው የመቱት።

«ሚስትህን ይዘህ ና። ጫማ አትፈልግ።»

በትልቁ ቤት ውስጥ ሩዝና ፓስታ የሚቀመጥበት ጓዳ ነበር። እዚያ አስገብተውን በውጭ ቆለፉብን። በበሩ ስንጥቅ ግቢውን አያለሁ። ሽማግሌው የፕላስቲክ ወንበራቸውን ከውጭው የቆርቆሮ በር ፊት አድርገው ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀመጡ። ጠመንጃው ጭናቸው ላይ ነው። ከሸሚዛቸው ኪስ አንዲት የምታብለጨልጭ ነገር አውጥተው በሽርጣቸው ጠረጓት። እስከዚህ ድረስ እርግጠኛ ነኝ፤ ወይም እርግጠኛ ነበርኩ። ያቺ ነገር ጥይት ትሁን መቁጠሪያ ዛሬ ብትጠይቁኝ አልመልስም።

ከዚያ ሰዎች መጡ። በሩ በድንጋይ ሲደበደብ ባለቤቴ ፊቷን ደረቴ ላይ ደፋች። እኔም ከስንጥቁ ላይ ዓይኔን አነሣሁ፤ ማየቱን አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ ያለው በጆሮዬ የገባ ብቻ ነው፤ ያም በማውቃት ጥቂት ሶማሊኛ።

«ሽማግሌ፣ ክፈት! ሐበሾቹን አውጣ!» ይላል አንድ የጎረምሳ ድምፅ።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«ክፈት አልኩህ!»

«አባትህን ቁጠርልኝና እከፍታለሁ። የማን ልጅ፣ የማን ልጅ እያልክ ቁጠር። ወይስ እናትህ ከገበያ ነው የገዛችህ?»

ከውጭ ሳቅ ተሰማ። በሶማሌ ዘንድ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ የዘሩን ሐረግ የማይቆጥር ወንድ የለም፤ ገና አፉን እንደፈታ ነው የሚያጠናው። ጎረምሳው መቁጠር ጀመረና ከጥቂት ስሞች በኋላ ተደናቀፈ። ድንጋጤም፣ ንዴትም ይሆናል። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ተሳሳተ። የገዛ ጓደኞቹ አሾፉበት። ሽማግሌው የዘለለውን ስም ነገሩት፤ አያቱን እንደሚያውቁ፣ በድርቅ ዘመን ከአንድ ጉድጓድ ውሃ እንደቀዱ ነገሩት። ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ የእግር ኮቴ፣ ከዚያ ዝምታ።

እኔ ስተርከው እንዲህ ነው የሚያልቀው፤ እጀታው «ቀጭ፣ ቋ» ይላል፣ ሽማግሌው ዘር ያስቆጥራሉ፣ ሰዎቹ ይሄዳሉ። የሽማግሌው ልጅ በመጣችበት ቀን ማታ ባለቤቴን ጠየቅኋት።

«ቀጭ ቋ የሚባል ነገር አልነበረም» አለችኝ ሳታመነታ። «ሁልጊዜ ስታወራው እሰማሃለሁ፤ ሰው ፊት እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው ዝም የምለው።»

«ምንም አልሰማሽም?»

«በሩ ሲደበደብ አንድ ጊዜ ጠቅ ሲል ሰምቻለሁ። ቁልፍ መስሎኝ ነበር። ሰበሩት ብዬ ነፍሴ ወጣች።»

«ከመቁጠሩ በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት። ዝም ብለው ቆዩና፣ ጠቅ አለ፣ ከዚያ ነው የማን ልጅ ነህ ያሉት።»

ከዚያ የሐምሌ ቀን በኋላ እኛ ወደ ቤተሰቦቼ ሄደን ስለነበር የዚያን ዓመት አረፋ አብሬያቸው አልነበርኩም። ስንመለስ ጠመንጃው ከወትሮው በተለየ ተቀብቶ አገኘሁት። ላቱን አቅልጠው በእጀታው ስንጥቅ እንደ ሰም አፍስሰውበታል። ለምን እንዲህ አበዙት ብዬ አለመጠየቄን አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲያም ለመቀባት ጠርተውኝ አያውቁም።

ባለቤቴን በጠየቅኋት ማግስት ወደ ግቢያቸው ሄድኩ። ቦቴው ደጅ ቆሟል። ሾፌሩ፣ የልጃቸው ባል፣ የጋዝ ማቃጠያውን አውጥቶ ጠመንጃውን በሞርሳ መቆንጠጫ ሊያስር እያዘጋጀ ነው። ሽማግሌው በረንዳ ላይ ፍራሽ ተነጥፎላቸው ተጋድመዋል።

«መጣ ምስክሩ!» አለ ሾፌሩ። «በል መምህር፣ ጎርሷል ወይስ ባዶ ነው?»

«አላውቅም።»

«የዩኒቨርሲቲ መምህር አላውቅም ይላል እንዴ? ተማሪዎችህ እንዲህ ሲሉህ ትጥላቸው የለ?»

«ጎርሷል ብለን እንያዘው። እሳቱን ተው።»

«የገረረ ቡሎን ያለ እሳት አይፈታም!»

«ባዶ ነው!» አሉ ሽማግሌው ከበረንዳው። «ስጡኝና እኔው ልክፈተው።»

ልጃቸው መሐላችን ገባች። «ወላል ተወው ካለ ይተዋል» አለች ባሏን እያየች። «ፊት አልባ ባል ምን ያደርግልኛል?»

«ያለኝም ፊት ቢሆን አይጠቅምሽም» አለና ሳቀ፤ ግን ማቃጠያውን ዘጋው።

በቁመቱ የተሰነጠቀ ወፍራም የውሃ ቱቦ አምጥተን ሁለቱን ጫፍ በጭቃ ደፈንን፤ ጠመንጃውን አጋድመን ነጭ ጋዝ ሞላንበት። አፈሙዙን ወደ አሸዋ ጆንያ አዞርነው። ሽታው በረንዳው ሲደርስ ሽማግሌው ጮኹ፤ «ላቱን ልታጥቡት ነው! ተዉት ብያለሁ!» አሉ። እኔ የአረፋችንን ነገር አስበው ያዘኑ መስሎኝ ላጽናናቸው ብጠጋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። 

ጋዙ ቀስ በቀስ ቢጫ፣ ኋላም ቡናማ ሆነ። ከስንጥቁ የሟሟ ስብ እንደ አተላ ይወጣል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሾፌሩ እጀታው ነቃነቅ ማለቱን በስልክ ነገረኝ። ስደርስ ጠመንጃውን በአሸዋ በተሞላ በርሜል ውስጥ አፈሙዙን ወደ ታች ቀብሮ ሰደፉን አስሮት አገኘሁ። ከእጀታው ቀለበት የተነሣ ገመድ በሲሚንቶ ከተሠራው የግቢው የውሃ ጋን ጀርባ ድረስ ተዘርግቷል። ልጆቹ ጎረቤት ተልከዋል። ሽማግሌውን ወደ ክፍላቸው አስገብተናቸዋል፤ ልጃቸው በሩን ይዛ ቆማለች።

ሾፌሩና እኔ ከጋኑ ጀርባ ተንበርክከን ገመዱን ያዝን። ቀልዱ ጠፍቷል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ቢስሚላሂ ሲል ይሰማኛል። እኔም በሆዴ የራሴን እላለሁ። ሳብን፤ አልሄደም። ጨምረን ሳብን። ገመዱ ድንገት ላላና ሁለታችንም ወደ ኋላ ወደቅን። ፍንዳታ ጠብቄ ጆሮዬን ደፍኛለሁ። እጄን ሳነሣ የሰማሁት አንዲት ነገር በሲሚንቶው ላይ ስትንከባለል ነው። ግቢው ውስጥ ከቆመው ቦቴ ጎማ ጋር ተጋጭታ ቆመች።

 ከዚያ ሾፌሩ በእንብርክኩ ሄዶ ሳይነካት አጎነበሰ። በእጁ ጠራኝ። በቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችው ክብ መዳብ መሐሏ ሰርጎድ ብሏል፤ ጥይቱ ግን እንዳለ ነው።

«ተመትታለች» አለ በሹክሹክታ። «ቃታው ተስቦባታል። ላቱ መምቻውን ይዞት በደንብ አልመታትም እንጂ።»

ባለቤቴ የሰማችው ጠቅታ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። ሽማግሌው አስቀድመው ተኩሰዋል። ከዚያ ቆርቆሮ በር ጀርባ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ በቆመ ሰው ላይ ቃታ ስበዋል፤ ጠመንጃው እምቢ ሲላቸው ነው «የማን ልጅ ነህ?» ያሉት። ጥይቷ ብትወጣ ኖሮ ከዚያ ግቢ በሕይወት የሚወጣ እንዳልነበረ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያሻም፤ እሳቸውም፣ እኛም። 

ልጃቸው በሩን ለቃ መጣች። አየች። «በማን ላይ?» አለች። 

ሾፌሩ የጠመንጃውን የጥይት ቱቦም በሽቦ ፈተሸ፤ ሌላ ጥይት የለም። ጥይቷን በጣሳ አሸዋ ውስጥ አድርጎ ከከተማ ውጭ ሊቀብራት ወሰዳት። ጠመንጃው ከዚያ ወዲህ ባዶ መሆኑ የታወቀ ስለሆነ ሽማግሌው መሄድ ይችላሉ ተባለ። መኪና ውስጥ ሲገቡ ደግፌያቸው ነበር። ጠመንጃውን ጉልበታቸው መሐል አደረጉና እጀታውን በቀስታ ዝቅ ከፍ አደረጉት። ልጃቸው ዕቃ ልታመጣ ተመልሳ ነበር።

«ጥይቴስ?» አሉኝ።

ልጃቸው የገባችበትን በር አየሁ።

«አይታችኋታል ማለት ነው።» ዓይናቸውን ከእጀታው ላይ አላነሡም። «እንዳትከፈት ብዬ ነበር። ራሴም አይቼያት አላውቅም። መርፌው ነክቷት ይሆን አልነካት ይሆን እያልኩ ነው ስተኛባት የኖርኩት።»

«አዴር፣ ሁሉም አልፏል።»

«ያ ልጅ አሁን አባት ሆኗል» አሉ። «እስክወድቅ ድረስ በየጁምዓው ከመስጊድ ስወጣ እጄን ይስማል። የዘለለውን አያት ስለነገርኩት ይወደኛል። በዚህች ጣቴ እንደሳብኩበት አያውቅም። ለልጄ ምን ብለህ ነገርካት?»

«ምንም።»

«ምንም ይሁን» አሉ። ልጃቸው መጥታ ገባች። መኪናው ሄደ።

ባለፈው ጁምዓ ከቢሮ ስወጣ አንድ ጎልማሳ መንገድ ላይ ሰላም አለኝ። በእጁ የግመል ወተት የያዘ ጀሪካን አለ። «መምህር፣ የሽማግሌው ጎረቤት አልነበርክም? ሐርተሼክ ናቸው አሉኝ፤ ልጠይቃቸው ልሄድ ነው። ቤቱ የቱ ጋ ነው?» ድምፁን ከበሩ ውጭ ከሰማሁት ድምፅ ጋር ላመሳስለው ሞከርኩ። አንዴ እሱ ነው እላለሁ፣ አንዴ የማንም ጎረምሳ ድምፅ ያንን ይመስላል እላለሁ። ቤቱን ነገርኩት። ምን ብዬ እከለክለዋለሁ?

ጎልማሳው የተሳፈረበት ሚኒባስ ሲነሣ ለልጃቸው ደወልኩ። እንግዳ እየመጣባችሁ ነው፣ አባትሽን ቀድመሽ ንገሪያቸው አልኳት። «ማን ነው?» አለችኝ። ስሙን አለመጠየቄ ያን ጊዜ ገባኝ። «ስሙን አላውቅም» አልኳት፤ «አባትሽ ግን ያውቁታል። ባዶም ቢሆን እጃቸውን ሲስም መሐላቸው እንዳይሆን ጠመንጃውን ከአጠገባቸው አንሺው።»